ልብስ አጣቢዋ በሐኪሟ ቴምብር ላይ

ፖስታ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ያተረፍኩት ሁለት ነገር ነው፤ ሳል እና «አቧራው» የሚል ቅጽል ስም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ይህ ታሪክ ግን የእኔ አይደለም፣ የመዶሻ ነው። እኔ በታሪኳ ውስጥ የምገባው ጥፋት የሚሠራ ሰው ሲያስፈልግ ብቻ ነው።

መዶሻን መዶሻ ያልናት እኛው ባልደረቦቿ ነን። ሥራዋ ቴምብር መምታት ነበር። ሰው ደብዳቤውን ሳጥን ውስጥ ከቶ ሲሄድ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ደብዳቤው ግን ከሁሉ በፊት የሚመጣው እሷ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቴምብሩ ሁለተኛ እንዳይሠራ፣ ቀኑ የተቀረጸበትን የብረት ማኅተም ቀለም ታስነካና ታሳርፍበታለች። አንዴ ቀለሙ ላይ፣ አንዴ ቴምብሩ ላይ። ዱ፣ ዱ። ዱ፣ ዱ። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ስትመታ ኖረች። መዝገብ ቤቱ ከእሷ ክፍል ሥር ስለሆነ ድምጿ የሚመጣው ከኮርኒሴ ነበር። ስትታመምና ስትቀር ቤቱ ጭር ይልብኝና ሥራ አልሠራ ይለኝ ነበር።

አጭር ሴት ናት። ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ዝቅ ያለ ነው፤ ማኅተሙ ነው የጎተተው። እጀታው መዳፏን እንዳይልጠው በአሮጌ ካልሲ ጠቅልላዋለች። የጣቶቿ ቀለም በሳሙናም በሎሚም አልለቅ ብሏል። «እኔ እኮ ቆሜ የቀረሁት ወንዶቹ ስንጨባበጥ እጃችን ላይ ማስረጃ ይቀራል ብለው ፈርተው ነው» እያለች ጥርስ አታስከድንም ነበር። ሳቋን የማውቀው ይህ የምነግራችሁ ቴምብር ከመውጣቱ በፊት ነው።

የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነበር፤ ከልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍል። እናትየው ያኔ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ሁለት ልጆች ወልደው አንዷን ቀብረዋል ልል ነበር፤ እሱም አልሆነላቸውም።

መዶሻ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ወረርሽኝ ገባ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አሮጌ የጦር ሰፈር የበሽተኞች ማግለያ ሆነ። ታላቅ እህቷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ እዚያ ልብስ አጣቢ ሆና ተቀጠረች። ከገቡ መውጣት የለም። ማግለያውን የምትመራው አንዲት ሴት ሐኪም ነበረች፤ ሌሎቹ ሐኪሞች ሰበብ እየፈለጉ ሹልክ ሹልክ ሲሉ እሷ አልወጣም አለች። እዚያው ታማ ሞተች። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ የሷን አንሶላ ስታጥብ የነበረችው የመዶሻ እህት ተከተለቻት። ከብዙ ሰው ጋር በአንድ ጉድጓድ ኖራ ተነስንሶባት ተቀበረች። በማግሥቱ የጤና ሰዎች ቤታቸው መጡ። ፍራሹን፣ ልብሷን፣ ወረቀትና ፎቶ የሚቀመጥበትን ቆርቆሮ ሳጥን ሳይቀር ግቢው ውስጥ አቃጠሉት። መዶሻ በመስኮት ታይ ነበር።

ለሐኪሟ መንገድ ተሰየመላት፣ ስሟ የተጻፈበት ሐውልት ቆመላት። ይገባታል፣ ማንም አይከራከርም። ልብስ አጣቢዋ ግን የት ገባች ብሎ የጠየቀ የለም።

ብዙ ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ዳቦ ስንበላ መዶሻ ድንገት አቆመች።

«ጋሼ፣ እናቴ የእህቴ ፊት ጠፋኝ አለችኝ።»

«እንዴት ጠፋኝ?»

«ድምጿ አለ፣ አረማመዷ አለ፣ ፊቷ ላይ ስደርስ ባዶ ነው ትላለች። በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ አፍንጫዋ እንዴት ነበር፣ ግንባሯ እንዴት ነበር እያለች። እኔ ምን ልበላት? የማስታውሰው ቅንድቧን ብቻ ነው። የቀኝ ቅንድቧ መሐሉ ላይ የተሰነጠቀ ነበር። እኔ ነኝ በሳህን የፈነከትኳት፤ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጸጉር አላበቀለበትም።»

አንጀቴን በላችው። ግን ምን አደርግላታለሁ? «አይዞሽ» አልኳት። አይዞሽ ማለት ወጪ የለውም።

በዓመቱ መሥሪያ ቤታችን «ስመ ጥር ሴቶች» የሚል የቴምብር ስብስብ ሊያወጣ ተነሣ። አራት ሴቶች ተመረጡ፦ የመጀመሪያዋ አውሮፕላን አብራሪ፣ ለዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የከፈተች መምህርት፣ አንዲት ዳኛ እና ያቺ ሐኪም። የሐኪሟን ፎቶ የማቅረብ ሥራ የእኔ ሆነ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሐኪሟ የቀራት ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ ማግለያው ውስጥ የተነሣችው፣ እኛ መዝገብ ቤት ያለው። ሁለት ሴቶች ከተሰጣ አንሶላ ፊት ለፊት ቆመዋል። ሁለቱም ነጭ ሻሽ አስረዋል፣ የአፍ መሸፈኛቸውን ወደ አገጫቸው አውርደዋል። አንዷ እየሳቀች የሌላዋን እጅ ይዛለች። ሌላዋ አትስቅም፤ ሥራ ላይ ሳለች ጎትተው ያቆሟት ትመስላለች። ጀርባው ላይ በእርሳስ «በስተግራ ሐኪሟ፣ በስተቀኝ ልብስ አጣቢዋ» ይላል። ፎቶው እየተጠቀለለ ስላስቸገረኝ ከብዙ ዓመት በፊት ወፍራም ካርቶን ላይ ለጥፌዋለሁ። ጽሑፉ አብሮ ተለጠፈ። ካርቶኑ ላይ መገልበጥ ነበረብኝ፤ ነገ እጽፈዋለሁ አልኩ። የመዝገብ ቤት ነገ ደግሞ አይመጣም።

ፎቶውን ለቀራጩ ስሰጠው «በግራ ያለችው ናት» አልኩት። በቃ፣ ይኸው ነው። የቴምብር ቀራጭ ብረቱ ላይ ሁሉን ነገር ገልብጦ ነው የሚቀርጸው፤ ሲታተም እንዲቃናለት። ስለዚህ ፎቶውን መስታወት ፊት አቁሞ የሚያየው መስታወቱን ነው። መስታወት ውስጥ ግራ ያለችው፣ ፎቶው ላይ ቀኝ ያለችዋ ናት። ይህን ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ። ጣቴን ፊቷ ላይ አስቀምጬ «ይቺን» ብለው ኖሮ ያልቅ ነበር። እሱም መስታወቱን አቁሞ ግራ የተባለችውን ቀረጸ፤ እሳት የላሰ ባለሙያ ነበር፣ አንዲት መስመር አልሳተም።

የታተመው ወደ እኔ ሲመጣ ወዲያው አየሁት። የማትስቀዋ ናት። ሥራ አስኪያጁ ግን መድረክ ላይ ወጥቶ ንግግሩን አድርጎ፣ ተጨብጭቦለት ወርዷል። የሐኪሟ ዘመዶች ከአገር ከወጡ ዘመን ሆኗቸዋል፣ የሚያውቃት ሰው አልቋል። ማን ያየዋል ብዬ አፌን ያዝኩ።

ቴምብሩ በወጣ በሦስተኛው ቀን የኮርኒሴ ድምፅ ቀጥ አለ። ጠበቅኩ፣ አልቀጠለም። ሽቅብ ወጣሁ። መዶሻ ማኅተሙን አንጠልጥላ፣ በሌላ እጇ ፖስታ ይዛ ደርቃ ቀርታለች።

«ጋሼ፣ እህቴ ናት።»

«የቷ?»

«ይቺ። ሐኪሟ ያሏት። እህቴ ናት!»

«አንቺ ደግሞ! ቴምብር ላይ እኮ ሁሉም ሰው ሰው ይመስላል» ብዬ ላስቃት ሞከርኩ።

ፖስታውን ዓይኔ ሥር አመጣችው። በጥቁር ጥፍሯ ቅንድቡን አሳየችኝ። ቀራጩ ያየውን ሁሉ ነው የቀረጸው፤ የቀኙ ቅንድብ መሐሉ ላይ ክፍት ነው። ያን ጊዜ ነው ያጣቢዋና የእህቷ ነገር የተገጣጠመልኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ጡረታዬ ትዝ አለኝ። አንድ ዓመት አልቀረውም። «ሰው ሰውን ይመስላል እኮ» ብዬ ወረድኩ።

አንድ ሙሉ ሉህ ገዝታ ለእናቷ ወሰደች። እናትየው ማጉያ መነጽር ይዘው ጠረጴዛው ላይ ደፍ ብለው ዋሉ። በማግሥቱ ጠዋት ሲነሡ «መጣችልኝ» አሉ። «ፊቷ መጣልኝ። አገጯ የአባቷ ነው፣ እንዴት ረሳሁት?» መዶሻ ይህን ስትነግረኝ እንባዋ ዳቦዋ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። የእኔ ስህተት ለአንድ ሰው እንኳ ጠቀመ አልኩ። ሰው ለጥፋቱ ሰበብ ለማግኘት ሲቸኩል የሚደርስበት የለም።

ከዚያ በኋላ ግን የኮርኒሴ ድምፅ ተለወጠ። ዱ፣ ዱ ሲል ይቆይና ዱ፣ ጢ ይላል። ጢ ያለው የሐኪሟ ቴምብር ሲመጣ ነው። መዶሻ እህቷን ፊቷን መምታት አልቻለችም። የማኅተሙን ጠርዝ ብቻ በቴምብሩ ጥግ ታስነካለች። ደንቡ ቴምብሩ እንዲበላሽ ነው የሚለው፤ እሷ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

አራት ወር ሄደ። ከዚያ ተቆጣጣሪዎች አንድ ድርጅት የሐኪሟን ቴምብር በእንፋሎት እየላጠ መልሶ ሲለጥፍ ያዙ። ማን ሳይመታው ቀረ ተባለ። መልሱ ሩቅ አልነበረም።

መዶሻ አልካደችም። እንዲያውም ማመልከቻ ጻፈች። ቅጣቱን እቀበላለሁ፣ ግን ቴምብሩ ላይ ያለችው እህቴ ናት፣ ስሟ ይጻፍላት ትላለች። ይኸው ነው የጠየቀችው። ማመልከቻውን መዝገብ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ተራ ቁጥር ሰጥቼ፣ ማኅተም አድርጌ።

ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ፦ ሥራ አስኪያጁ፣ የሕግ ባለሙያው፣ ጸሐፊ ሆኜ ደግሞ እኔ። «ቅንድብ ማስረጃ አይሆንም» አለ የሕግ ባለሙያው፣ «የፎቶ ጭረት ሊሆን ይችላል። በመልክ የሚያውቃት ሰው አምጪ።» በሕይወት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እናትየውን ማክሰኞ ጠዋት ይዛቸው መጣች። ደረጃውን በአንድ ሰዓት ወጡት ብል አላጋነንኩም። ሥራ አስኪያጁ መጥፎ ሰው አይደለም፤ ተነሥቶ ወንበር ሳበላቸው፣ ውኃ አስመጣላቸው።

«እማማ፣ ስላስቸገርንዎት ይቅርታ። ፎቶው ላይ ካሉት ከሁለቱ ሴቶች ልጅዎን እንዲያሳዩን ነው። አይቸኩሉ። ምክንያቱም ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ቴምብሩ ስህተት ከሆነ ደንቡ ግልጽ ነው፤ የታተመው ሁሉ ተሰብስቦ ይቃጠላል።»

«ይቃጠላል?» አሉ።

«ከየቅርንጫፉ ይሰበሰባል፣ ብረቱም ይፋቃል። ከዚያ በትክክለኛዋ ሐኪም እንደገና ይታተማል።»

«የልጄስ ስም?»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ ስብስቡ የስመ ጥር ሴቶች ነው። ልጅዎ… ልብስ አጣቢ…» አልጨረሰውም። መዶሻ ወለሉን ታያለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ? ያን ጊዜ የገባት ይመስለኛል።

ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። በገዛ እጄ። እውነቱ ከካርቶኑ ሥር ነው፤ አንድ ስኒ ውኃ አርከፍክፎ መላጥ ይበቃ ነበር። ውኃው ደግሞ እናትየው ፊት ተቀምጧል። ሰባት ወር ነው የቀረኝ፣ ሰባት ወር ብቻ እያልኩ በሆዴ እቆጥር ነበር።

እናትየው ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፣ አራቁት፣ መልሰው አቀረቡት። ጣታቸው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሄደ። ቀኝ ያለችዋ ላይ ትንሽ ቆየ፤ አገጯን ዳሰሱት። ከዚያ ተነሣና የምትስቀዋ ላይ አረፈ።

«ይቺ ናት ልጄ» አሉ።

«እማዬ!» አለች መዶሻ። «እማዬ ቅንድቧን እዪው! አንቺው አይደለሽ መጣችልኝ ያልሽው?»

«ምስክር አይመራም» አለ የሕግ ባለሙያው።

«የምን ቅንድብ?» አሉ እናትየው። «ይቺ ናት። ልጄ ሳቂታ ነበረች።»

ነገሩ አለቀ። ልጃቸው የምትስቀዋ ከሆነች የማትስቀዋ ሐኪሟ ናት፤ ቴምብሩም ትክክል ነው። ሥራ አስኪያጁ ትንፋሹን ለቀቀ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጽሑፌ ያማረ ነው፤ ዛሬም ብታዩት አንዲት ስርዝ የለውም።

ለመዶሻ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ቴምብር መሐል ለመሐል ይመታ የሚል። ለእናትየው ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ከፎቶው የምትስቀዋን አስቆርጦ፣ አሳድጎ፣ ፍሬም አስገብቶ ላከላቸው። እሳቸውም አልጋቸው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ሰቀሏት።

የኮርኒሴ ድምፅ ተስተካከለ። ዱ፣ ዱ። ዱ፣ ዱ። ጢ የሚባል ነገር የለም። ምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ መቀመጥ ተወች። አንድ ጊዜ ብቻ አስቁማኝ «ጋሼ፣ ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት? የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ታውቃለች?» አለችኝ። እኔም «ሊሆን ይችላል» አልኳት። ይህን በአፌ ተናገርኩ። በሰባተኛው ወር ጡረታ ወጣሁ፤ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ።

ከኮሚቴው ወዲህ ሁለት ዓመት ሆነ። የእናትየውን ሞት የሰማሁት ከልብስ ሰፊው ነው። ሰው እስኪቀልላት ጠብቄ አንድ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ሦስት ፎቅ ስወጣ ሳሌ አስቁሞኝ አስቁሞኝ ነው የደረስኩት። ግድግዳው ላይ ሐኪሟ ትስቃለች። መዶሻ ሻይ አቀረበችልኝ። ጸጉሯ ሁሉ ሸብቷል።

የሞተ ተጎዳ፣ እኔ ግን ልናገር ብዬ ዘረገፍኩት። ካርቶኑን፣ እርሳሱን፣ መስታወቱን፣ ኮሚቴው ፊት አፌን መያዜን። «አንቺ ነበርሽ ትክክል። እህትሽ ናት። ጀርባው ላይ ተጽፏል፤ እኔ አውቅ ነበር» አልኳት።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ብትጮህብኝ በወደድኩ።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«እናቴ። በሞተችበት ሳምንት። ‘ሰውየው ይቃጠላል ሲል አልሰማሽም ወይ?’ አለችኝ። ‘አንድ ጊዜ አቃጥለዋታል፤ አንድ ክር አላስቀሩልኝም። ስሟን እንደሆነ አይሰጧትም። ፊቷንም ላስቃጥላት? በሰው ስምም ቢሆን ትዙር፣ ብዬ ነው’ አለችኝ።» ዓይኗን ወደ ግድግዳው አነሣች። «ይቺን ሴትዮ የሰቀለቻትም ልጄ ብላ አልነበረም። ልጄን እጇን ይዛት ነበር፣ ላመስግናት ብላ ነው።»

ስኒውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ያቺ አሮጊት ሦስት ወንዶች ፊት ልጇን ክዳለች። ከሦስቱ አንዱ እውነቱን ይዞ ዝም ብሎ ይጽፍ ነበር።

«ታዲያ ምነው ያኔውኑ ለአንቺ እንኳ ሳትነግርሽ ቀረች?»

«አፍሽ አይችልም አለችኝ። እውነቷን ነው። ሮጬ መጥቼ ለእናንተ እናገር ነበር።» የሻይ ማንኪያውን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠችው። «እኔ ምን እላት እንደነበር ታውቃለህ? ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሾርባዋን ባቀረብኩላት ቁጥር ‘ልጅሽን የረሳሽ ሴት፣ ነገ እኔንም ማነሽ ትይኛለሽ’ እላት ነበር። በየቀኑ። ዝም ብላ ትበላለች።»

ይቅርታ ልል ነበር፤ ለየትኛው እንደምል አላወቅኩም።

«በል ሻይህን ጠጣ ጋሼ፣ ቀዘቀዘ» አለችኝ። «የሐዘን ፈቃዴ ዛሬ ያልቃል፣ ነገ ሥራ እገባለሁ።»

የሐኪሟ ቴምብር ገና ተሸጦ አላለቀም ነበር።